አይነኬን ለዱብሉቅ የሰጠሁበት ቀን

ውሻ በጆንያ፣ ድመት በቅርጫት ይዘው የጨው መኪና ላይ የተሳፈሩ አማትና ምራት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነበርን። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ የጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔም ያኔ ጉልበቴ የማይንቋቋ ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ ከልጅ ልጄ ጎን ቁጭ ብዬ ስለሆነ፣ ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ ቢያነክስ አብራችሁኝ ቀስ በሉ።

ባለቤቴ ተሰማ ፖሊስ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ። ከቡልጋ አግብቶ ነገሌ ቦረና አወረደኝ፤ ነገሌን ለመድኩ ስል ሜጋ ተዛወረ። ሜጋ እንደ ሌላው ቆላ አይምሰላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ በር ድረስ መጥቶ ይቆማል። ተሰማ ለቅኝት ወደ ጠረፍ ይወጣል፣ እኔ ከጭጋጉ ጋር እቀራለሁ። የአገሩን ቋንቋ አላውቅም። አንዷ በደጄ ስታልፍ «አካም፣ ናጋ?» ብላ ሰላም ካለችኝ ፈገግ እልና በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለሁ። ሣጥኔን እንኳ ጨርሼ አልፈታሁም ነበር፤ የደህና ቀን ቀሚሴ እንደታጠፈ ተቀምጦ «ዝውውር መጣ» የሚባልበትን ቀን ይጠብቃል።

የማወራው ከአይነኬ ጋር ነበር። አይነኬ ውሻዬ ናት። ነገሌ ሳለን ከእናቷ ጠፍታ ጓዳዬ ስትገባ በአንድ መዳፌ ትያዝ ነበር። ዳማ ናት፤ አንዱ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ ተኝቷል፣ ግማሹን ወሬ ብቻ የምትሰማ ትመስላለች። ስሟን ያወጣላት ተሰማ ነው፤ ገበያ ስወጣ ከሰውና ከኔ መሀል እየገባች ስለምትሄድ። ከጫጩት ጋር ተኝታ የምታድር፣ የጎረቤት ሕፃን ጆሮዋን ሲጎትት ዓይኗን ጨፍና የምትችል ውሻ ነበረች። የማትችለው አንድ ነገር እንዳለ ያወቅነው አማቴ የመጡ ዕለት ነው።

አማቴ እማማ አስካለ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ስለቀሩ ተሰማ ከእኛ ጋር እንዲሆኑ አስመጣቸው። ከጭነት መኪናው ሲወርዱ ክዳኑ በነጠላ የታሰረ ቅርጫት ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ምን ይዘው መጡ እማማ? ይስጡኝ ልያዝልዎ።»

«ወይዘሮን ነው። ተይ፣ ሰው ትመርጣለች።»

በቅርጫቱ ቀዳዳ ሁለት ቢጫ ዓይኖች አዩኝ። ነጭ ድመት ናት።

«የሞተውን ሰውዬ እግር እስከ መጨረሻው ያሞቀች እሷ ናት» አሉኝ እማማ። «እግሬ ላይ ስትተኛ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል።»

ይህን ሰምቼ ሳልጨርስ አይነኬ ከጓሮ መጣች።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ቅርጫቱ ቅርጫትነቱ ቀረ። ወይዘሮ ጣራው ሥር ካለው ወጋግራ ላይ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ፤ ላይኛው የድመት፣ ታችኛው የውሻ። እኛ መሀል ቀረን።

መድኃኒት ያልሞከርነው የለም። እማማ «ሽታቸው ይቀላቀል» ብለው የአይነኬን መኝታ ጨርቅ ወይዘሮ ላይ አሹት። ወይዘሮ ራሷን ተጸየፈች፤ ስትላስ ሰነበተች። «ከአንድ ወጭት ይብሉ» ተባለ፤ ወጭቱ ተሰበረ። አይነኬን ግቢው ጥግ አሰርኳት፤ የታሰረችበትን ግንድ ከነአጥሩ ነቅላ እየጎተተች በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ልታየኝ እንጂ ሌላ ሐሳብ የሌላት ይመስል ጅራቷን ትቆላለች።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ እማማ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ወይዘሮን ከትከሻቸው አወረዷት። አይነኬ ከየት እንደመጣች አላየንም። ተሰማ ባልዲ ውኃ ባይደፋባቸው ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ ድምፅ ነበር የምነግራችሁ። ወይዘሮ የጅራቷን ጫፍ ትታ ተረፈች። እማማ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ገብተው ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ወደ አገሬ መልሰኝ» አሉት ልጃቸውን። «ባዶ ቤትም ቢሆን ለሁለታችን ይሻለናል።»

ተሰማ ወደ በረንዳው ጠራኝ።

«የሺ፣ ነገ ለቅኝት እወጣለሁ። ስመለስ ይቺ ውሻ እዚህ ካለች በጠመንጃዬ እገላግላታለሁ። እናቴን ከቤቴ አላስወጣም።»

ይህን ሲል አይነኬ የጫማውን ክር እያኘከች ነበር። ወደ ታች ማየት አቅቶት ተራራውን እያየ ነው የተናገረው። የምሩን እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። ውሻ የሚፈልግ ነበር፤ ሴት ውሻ የሚፈልግ ግን ጠፋ። ባለሱቁ፣ «የሰፈሩን ወንድ ውሻ ሁሉ ደጄ ላይ ልታሰልፊብኝ ነው?» አለኝ። ሌላዋ ጎረቤቴ «ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «የተገኘውን» ስላት፣ «እኛም እሱኑ ነው የምንበላው» ብላ ሳቀችብኝ።

ተመልሼ ደጃፌ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ጡሜ መጣች። ጡሜ የቦረና ልጅ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ወተት ታመጣልኛለች። አማርኛዋ ከኔ ኦሮምኛ እጅግ ይሻላል፤ ቢሆንም ከ«ቅጂልኝ» ያለፈ ወሬ ኖሮን አያውቅም።

«የሺ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ለውሻ» አልኳት፣ አፍሬ።

«ሞተች?»

«ልትሞት ነው።»

ነገርኳት። ጡሜ ወጋግራው ላይ ወይዘሮን፣ ግቢው ውስጥ አይነኬን፣ በሩ ላይ ዱላ ይዘው የተቀመጡትን እማማን አየችና ሳቋን በወተት ዕቃዋ ክዳን ሸፈነችው። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ጅብ ትፈራለች?»

«ምንም አትፈራም።»

«እንግዲያው ዱብሉቅ እንሂድ። ያባቴ ወንድም ኦቦ ጂሎ እዚያ አሉ። ጅብ ጥጃቸውን እየወሰደባቸው ነው። ከኤላው አይጠፉም፤ ከውኃ ጉድጓዱ።»

እማማ ነጠላቸውን አነሱ። «እኔም እመጣለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ፣ እማማ?»

«ሄዳ መቅረቷን በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ወይዘሮስ?»

«በሰው አገር ብቻዋን ልተዋት ነው?»

አዲስ ቅርጫት ተፈለገ። ለአይነኬ ደግሞ እማማ ጆንያ ይዘው መጡ። «መንገዱን ካየች ትመለሳለች፤ ክተቻት» አሉኝ። በእኛ አገር ውሻም ድመትም ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ተሸፍኖ ነው። ጆንያውን ስከፍትላት አይነኬ ጨዋታ መሰላትና ራሷ ገባችበት። ይህ ብቻ እስከ ዛሬ ይቆረጥመኛል።

ወደ ያቤሎ የሚሄድ የጨው መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ጆንያውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው? ውሻ ከሆነ አልጭንም፤ የሚበላ ነገር ላይ ነው የምትቀመጡት።»

«በግ ነው» አሉ እማማ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ተሳፈርን። ጨዉ ላይ ተቀምጠን ጥቂት እንደሄድን መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ቅርጫቱ ተንሸራቶ ጆንያውን ነካው። ከጆንያው የወጣውን ድምፅ ሜጋ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። መኪናው ቆመ፤ ሹፌሩ ወርዶ መጣ።

«እማማ፣ በጉ ጮኸ።»

«ይጮኻል እንግዲህ።»

«የየት አገር በግ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«የቡልጋ» አሉ እማማ ቅንድባቸውን እንኳ ሳይነቀንቁ። «አገሩ ብርድ ስለሆነ ድምፁን ያጎረንነዋል።»

«ቅርጫቱ ውስጥስ?»

«ዶሮ።»

ወይዘሮ ያኔውኑ ረዘም አድርጋ «ሚያው» አለች። ሹፌሩ የመኪናውን ጎን ይዞ ጎንበስ አለ፤ የታመመ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀ ነው።

«እሺ፣ የቡልጋ ዶሮና በግ ከሆኑ ይሂዱ። ጨዉን ካበላሹ ግን እማማን ነው የማወርደው።»

ጡሜ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሜጋ ከመጣሁ ከሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ጆንያው ጭኔ ላይ ሞቅ ብሎ ሲተነፍስ ተሰማኝ።

ዱብሉቅ ስንወርድ ዘፈን ሰማሁ፤ ዘፋኝ ግን አይታይም። ዘፈኑ የሚወጣው ከመሬት ውስጥ ነው። ጡሜ እጄን ይዛ ወደ ጉድጓዱ አፍ ወሰደችኝ። ከታች ወንዶች አንዱ ካንዱ በላይ እርከን እርከን ላይ ቆመው የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውኃ ያወጣሉ፤ የሚዘፍኑት እጅና እጅ እንዳይሳሳት ነው። ከላይ ከብቱ በጭቃ ገንዳው ዙሪያ ተራውን ይጠብቃል።

ኦቦ ጂሎ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ እንደሚደገፉት ዱላ። እንደኛ «ደህና ዋላችሁ» ብለው አልተገላገሉንም። የቤቱን ሰላም፣ የልጁን፣ የከብቱን፣ የሣሩን፣ የመንገዱን ሰላም አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ጡሜ ለሁሉም «ናጋ» ትላለች፤ እኔ ጆንያ አቅፌ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ጆንያውን በዱላቸው ጫፍ አመለከቱ።

«ይሄስ፣ ናጋ?»

ጆንያው ጮኸ።

ጡሜ ነገሩን ስታስረዳ የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። የተናገሩትን እሷ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «ዘመድ በጆንያ ይመጣል ወይ? ነው የሚሉት።»

«መንገዱን እንዳታይ ብለን ነው» አልኩ።

«መንገዱን ካላየች የማን ልጅ መሆኗን በምን ታውቃለች? ፍቺያት።»

ፈታኋት። አይነኬ ወጥታ ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ተራገፈች፣ ከብቱን አየች፣ አየሩን አሸተተች፣ ከዚያ መጥታ እግሬ ላይ ተቀመጠች።

«ልጅ ነክሳለች?»

«ኧረ የለም።»

«ጥጃ ትበላለች?»

«ጫጩት እንኳ አትነካም።»

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

ጡሜ ወደ ቅርጫቱ ጠቆመች። «አዱሬ» አለች፤ ድመት ማለት ነው። ኦቦ ጂሎ የሰሙትን አላመኑም መሰለኝ፣ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። እማማም በኩራት ክዳኑን ትንሽ ከፈት አደረጉላቸው። ለወይዘሮ ትንሽም በቃት።

ድመቷ ፊት፣ አይነኬ ከድመቷ ኋላ፣ እኔ ከአይነኬ ኋላ፣ እማማ ዱላቸውን ይዘው ከኔ ኋላ። በላሞች እግር መሀል ዞርን። ወይዘሮ መሸሸጊያ ፈለገች፤ በዚያ ሜዳ ላይ ያየችው ጨለማ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

አይነኬም ልትከተላት ስትል ኦቦ ጂሎ ዱላቸውን በፊቷ ጋደም አደረጉ። አልመቷትም፤ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። ግንድ ከነአጥሩ የምትነቅለው ውሻ ዱላው ሥር ተኛች።

ከመሬት ሥር ዘፈኑ ቆመ። ላሞቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። ጡሜ «እንዲህ መሀል ላይ አይቆምም» አለችኝ በሹክሹክታ። እማማ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። «የሱን እግር ያሞቀችውን…» ብለው ቀሪውን ዋጡት። እሳቸውን ባየሁ ጊዜ፣ እኔ አይነኬን ሳጣ የምሆነውን ነው ያየሁት።

ከዚያ ከታች አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተቀበለው። ዘፈኑ ቀጠለ፤ ግን በፊት ያልነበረች ቃል ገብታበታለች፤ አዱሬ፣ አዱሬ። የቆዳው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተወዛወዘ መጣ። ከባልዲው ከንፈር በላይ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ወጥተዋል። ወይዘሮ ግማሽ አካሏ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ንግሥት በዘፈን ታጅባ ብቅ አለች። እማማ በነጠላቸው ጠቀለሏትና ባልዲውን ያቀበላቸውን ጎረምሳ እጅ ሳሙ። ጎረምሳው በምን ቋንቋ እንደሚያፍር ጠፋበት።

ኦቦ ጂሎ ሁሉም ረጋ ሲል ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን።

«አይቻለሁ። እነዚህ ሁለቱ ባንድ ቤት አይኖሩም። ውሻዋ እዚህ ትሁን። ስጦታ ግን አልቀበልም።»

«ለምን?» አልኩ።

«እያለቀሱ የሰጡትን መውሰድ ናጋ አይደለም። ዳባሬ እወስዳታለሁ።»

ጡሜ አስረዳችኝ። ዳባሬ የቦረና ወግ ነው። ላም ያለው ለሌለው የምትታለብ ላም ይሰጠዋል። ተቀባዩ ያልባል፣ ይጠብቃል፤ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት፣ የወለደችውም የባለቤቷ ነው። ባለቤቷ ሊያያት በመጣ ቀን «ምን ሊያደርግ መጣ» አይባልም።

«ለውሻ ተደርጎ አያውቅም» አሉ ኦቦ ጂሎ፣ «ዛሬ ይደረግ።» ጉድጓድ ውስጥ የነበሩትን ወንዶች ለምስክር ጠሩ። ውኃ እየተንጠባጠበባቸው ወጥተው ቆሙ፤ ሰምተው «ናጋ» አሉ።

እኔ ደግ ሽማግሌ የምታለቅስ ሴት እያባበሉ መሰለኝ። «ኤዬ» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው።

እማማ ጎሸም አደረጉኝ። «ምን አሉ?»

«ውሻዋ የኔው ናት አሉ» አልኳቸው።

«በስማም! መልሰን ልንወስዳት ነው?»

ተደብቄ ልሄድ ስል ኦቦ ጂሎ ከለከሉኝ። «እያየችሽ ሂጂ» አሉ። ወደ መንገዱ ስራመድ አይነኬ ተነሳች። ሁለት ልብ ሆና ቆመች። በዚያው መሀል የኦቦ ጂሎ አንዲት ጥጃ ከመንጋው ወጥታ ወደ ጉድጓዱ አፍ ማዝገም ጀመረች። አይነኬ ጥጃዋን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሮጣ ጥጃዋን ዞረቻትና መለሰቻት፤ በጥጃዋና በጉድጓዱ መሀል ተቀመጠች፤ ገበያ ላይ በኔና በሰው መሀል እንደምትቀመጠው። መኪና እስኪመጣ ድረስ ሳያት ቆየሁ።

በመልሱ መንገድ እማማ ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ምን እንደወሰድኩብሽ አይቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ፈቱና እርጥቧን ወይዘሮ እቅፌ ውስጥ አኖሯት። ትቧጭረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ተኛች። «ሰው ትመርጣለች ብዬሽ አልነበር?»

ተሰማ ሲመለስ ግቢውን በዓይኑ ዞረ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ሰጠሻት?»

«በዳባሬ ነው።»

አልገባውም። እኔም ገና አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ የገበያ ቀን በራችን ተንኳኳ፤ ኦቦ ጂሎ አህያ ይዘው ቆመዋል፤ አህያዋ ላይ ያለው ዕቃ ያላዝናል። ሰላምታው እንደ ልማዱ ረዘመ፤ ቤቱ፣ ልጁ፣ ሣሩ። ከዚያ ጡሜ ተጠርታ መጣችና ተረጎመችልን።

«ውሻሽ ወልዳለች፤ ልጆቹ ያንቺ ናቸው። ያቤሎ አንድ ነጋዴ አንዷን ይፈልጋል፣ ሜጋም ሁለት ቤት ጠይቀዋል፣ ነገሌ የምትኖር የእህቴ ልጅም አለች። ያንቺ ቃል ሳይኖር መስጠት አልችልም። ምን ትያለሽ?»

ከኋላዬ እማማ ወይዘሮን አቅፈው አልጋ ላይ ሲወጡ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

በሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። እኔ «አካም» ያለኝን ሁሉ በር የምዘጋ ሴት፣ ለካ በዚህ አገር ሀብት አለኝ። ሰዎች ቃሌን እየጠበቁ ነው። «ዳባሬ ይሁን» አልኩ፤ ጡሜ ሳትተረጉመው ገባቸው።

እንግዲህ ዳባሬ የሰጠ ሰው ሄዶ ካላየ ንቀት ነው። ስለዚህ መሄድ ጀመርኩ። የደህና ቀን ቀሚሴን ከሣጥኑ ያወጣሁት ዱብሉቅ አይነኬን ልጠይቅ ስሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ውስጥ አልተመለሰም። ኦሮምኛ የለመድኩት «በላች ወይ? ጠጣች ወይ? ጅቡስ?» እያልኩ ነው። በየሄድኩበት ወተት ይቀርብልኛል፣ ልጅ ያስታቅፉኛል፣ ሠርግ እጠራለሁ። ያ የጨው መኪና ሹፌር ባየኝ ቁጥር «በጓ ደህና ናት?» ይለኛል። ዝውውሩ የመጣ ዕለት ተሰማን «አንተ ሂድ፣ እኔ እዚህ ከብት አለኝ» አልኩት። ስቆ አመልክቶ ቀረ።

እማማ እዚሁ ሜጋ አረጁ፤ ያረፉትም ወይዘሮ እግራቸው ላይ ተኝታ ነው። አይነኬ ዱብሉቅ በእርጅና ስትሞት ኦቦ ጂሎ መልእክተኛ አልላኩም። በዚያ አቅማቸው ራሳቸው መጥተው፣ ምስክር አቁመው፣ «ያደራሽ ነገር አልፏል» አሉኝ። አብረን ተቀምጠን አለቀስን፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለአንዲት ውሻ። ያየን ሁሉ ማን ሞተባቸው ብሎ ቆመ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ የምትወዱትን መስጠት ግድ ቢሆንባችሁ እንደ እማማ አስካለ ጆንያ አትፈልጉ። መንገዱን አሳዩት። እኔ አይነኬን አጣኋት ብዬ ከዱብሉቅ ስመለስ፣ መንገዱ ገና መከፈቱ ነበር። ዛሬ ልጆቼ «አንድ ቦታ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። እንዴት አድርጌ? ከነገሌ እስከ ሜጋ የምጠየቅበት ደጅ አለኝ።

በቀደም ያቤሎ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እማማ የሺ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«ውሻዎ ወልዳለች። ጎረቤቴ አንዷን ይፈልጋል። ምን ይላሉ?»

ውሻዋን አይቻት አላውቅም። እናቷንም፣ የእናቷን እናትም አላየሁም። ሰላሙን ሁሉ ጠየቅሁት፤ ቤቱን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ሣሩን። እሺ ከማለቴ በፊት ግን አንዲት የማልተዋት ጥያቄ አለችኝ።

«እዚያ ቤት» አልኩት፣ «ድመት አለ?»